ሦስቴ የጠፋው ዳዶ

ሊባን ወደ ሽማግሌው አው ሲራድ ቤት ሲጠራ በአንድ ወር ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ፣ ሐርጌሳን ቤት ለቤት እየዞረ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር መጠገን ሥራው ነው። ከቡርዖ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ስለሆነ የሰፈሩን መንገድ እንጂ የሰፈሩን ወሬ አያውቅም።

የሽማግሌውን እግሮች ድሮ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ወስዷቸዋል። ሊባን ወንበሩን ገልብጦ አየው። የግራውን ጎማ ብሎን የሚያስረው ዳዶ የለም። ባለፈውም የጠፋው ያው ዳዶ ነበር፤ ከዚያ በፊትም።

«አጎቴ፣ ዳዶ እኮ እግር የለውም!»

«እኔስ መች አለኝ? እሱ ግን ከኔ የተሻለ ይሄዳል» አሉ ሽማግሌው ሳይስቁ።

በሩ ላይ ሹክሪ ቆማለች፤ የልጃቸው ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ሊባን ሥራውን እስኪጨርስ ዓይኗን ከእጁ ላይ አትነቅልም። ሊወጣ ሲል ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቦርሳውን አስከፍታ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

«ሌባ መሰልኩሽ?»

«ይዘህ የመጣኸውን ይዘህ ሂድ። ሌላ ምን አልኩህ?»

ያን ቀን ምሳ ሲቀርብ ሌላም ነገር አየ። ልጆቹ ከገጠር ግመሎቿ የመጣ ወተት ይጠጣሉ፤ ሽማግሌው ፊት የተቀመጠው ጥቁር ሻይ ነው። ጥርሳቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሥጋቸው እንደ ሕፃን ምግብ ተከታትፎ፣ ከአንዲት ማንኪያ ጋር ቀረበላቸው። ጁምዓ ከሰገዱ እንኳ ሳምንታት አልፈዋል። ደግ ሰው እንዲህ ሲዋረድ ማየት አንጀት ይበላል።

ሹክሪ ወደ ጓዳ ስትገባ ሊባን ጠጋ አለ።

«ወተት አይጠጡም እንዴ?»

«የዚህ ቤት ወተት በአፌ አይዞርም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሊባን ክው አለ። ቤቱ በሽማግሌው ስም ነው። እሳቸው ካለፉ ማን ሊቀመጥበት ነው? ሴትዮዋ ሰውየውን በቁማቸው እየቀበረቻቸው ነው! ወተቱ ውስጥ ምን እንደምትጨምርስ ማን ያውቃል?

«ለጎሳ ሽማግሌዎች ይደውሉ እንጂ!»

«ይሄ በስልክ አይሆንም። ሐሙስ ጠዋት በገዛ ጎማዬ ከዚህ ቤት መውጣት አለብኝ። የማገኘው ሰው አለ። ሐሙስ ካመለጠኝ፣ ልጄ፣ እኔም ከሞቱት ነኝ።»

ሊባን እጃቸውን ይዞ ማለላቸው።

ረቡዕ ሹክሪ ገበያ እንደወጣች ደወሉለት። በረረ። ኩሽኔታውን ግራሶ ቀባ፣ የጎማውን የውስጥ ካላማዳሪያ ቀየረ፣ የላላውን ፍሬን አጠበቀ። ጎማውን ደግሞ ሁለት ዳዶ ደርቦ፣ ከሱ ቁልፍ በቀር ምንም እንዳይፈታው አድርጎ አሰረው።

«አሁን እንኳን እሷ፣ ሰይጣንም አይፈታው!»

«ሰይጣኑን ተወው፤ እሷን አታውቃትም። የፍሬኑን ብሎን ብታላላብኝ የማጠብቅበት አንድ ካቻቢቴ ተውልኝ።»

ሊባን ረጅሙን መዝዞ ሰጣቸው። የሚቆጥርበት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለው ሳቁ መጣ። ሽማግሌው ካቻቢቴውን ከመቀመጫቸው ሥር ሸጎጡና የሊባንን ጭንቅላት ዳበሱ።

«ልጄ ጉሌዴ ቢኖር ያንተ እኩያ ነበር።»

ሊባን አለቀሰ፤ ምን ይደበቃል።

ሐሙስ ጠዋት ከቤታቸው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሹክሪ ልጆቿን ይዛ ወደ ቁርዓን ትምህርት ቤት ወጣች። ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተ። አው ሲራድ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን ሂና ተቀብተው ብቅ አሉ። ወንበሩ አንዲት ሲጥታ ሳያሰማ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ። የራሱ እጅ ሥራ ሊባንን አኮራው። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ።

ሹክሪ ተመልሳ ገባች፤ ወዲያው እየጮኸች ወጣች። ሊባንን ስታይ መንገዱን በሩጫ ተሻግራ ኮሌታውን አነቀችው።

«አንተ ነህ! አንተ ነህ የሠራህላቸው! ወዴት ሄዱ?»

«አልነግርሽም! በዳዶ ሰው አስሮ መኖር ዛሬ አበቃ። ይልቅ ንገሪኝ፣ ቤቱን ለማን ልትሸጪው ነበር?»

እጇ ከኮሌታው ላይ ወረደ። ቁልቁለቱን ዞራ አየች፤ ወንበሩ የለም። እዚያው አቧራው ላይ ዘጭ አለች።

«እነዚያን ግመሎች ለደሙ ካሳ የከፈለን የባሌ ገዳይ» አለች፣ «ዛሬ ጠዋት ነው ከእስር ቤት የሚለቀቀው።»