የለም የሚለው ማሽን

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አዲስ ማሽን ተተክሏል። የግቢውን ኮምፒውተሮች ስም ይዞ፣ ለጠየቀው ሁሉ አድራሻቸውን ይናገራል። ባለሙያው ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተካክለው የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውላለች። እዚሁ ግቢ የምትማር ልጇ ከጠፋች ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ያልጠየቀችው ሰው፣ ያላንኳኳችው ቢሮ የለም።

«እትዬ፣ ማነው እንዲህ የሚያሾፍብኝ?» አለ ባለሙያው። «ያ የግድግዳ ሶኬት ምንም ገመድ አልተሰካበትም፤ ግን ከዚያ አንድ ስም ይጠየቃል። ማሽኑ ‹የለም› ሲለው መልሶ ይጠይቃል።»

«ማንን ብሎ?»

«‹ድምቡሼ› ይላል።»

መወልወያው ከእጇ ወደቀ። እሷን ድምቡሼ ብላ የምትጠራት ልጇ ብቻ ናት።

«ስንቴ ጠየቀች?»

«ከነጋ አራት መቶ ጊዜ።»

«አራት መቶ ጊዜ እናትሽ የለችም አላት? አለች በላት እንጂ! በሞቴ፣ እዚህ ክፍል አለች በላት!»

ባለሙያው እንዲያው ልቧ ይረፍ ብሎ ‹ድምቡሼ› የሚለውን ስም ማሽኑ ላይ በክፍሉ አድራሻ መዘገበው። ጥያቄው ወዲያው ቆመ።

ሶኬቱ ያለበት ግድግዳ የሕንፃው ጫፍ ነው፤ ከጀርባው አየር እንጂ ክፍል የለም።

በዚያ በኩል ተንኳኳ።