መሀል የሚሄድ ሰው

የሸዋ ሮቢት የቅዳሜ ተጓዦች ማኅበር ሕጉ ብዙ አይደለም። መሪውን ማንም አይቀድምም። ከኋላ ጠባቂው በታች ማንም አይቀርም። ውሃ ያለው ለሌለው ያካፍላል። የታመመ ወይም የደከመ መሀል ይሄዳል፣ የሚደግፈውም ሰው አጠገቡ ይሆናል። ሳይጸለይ ደግሞ መንገድ አይጀመርም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ ይለምናል፤ አሜን የሚባለው ግን በአንድ ላይ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት መሪው ጋሼ ተሻለ የኋላሸትን ከመናኸሪያው አጥር ሥር ለብቻው ጠሩት። የኋላሸት የከተማውን የውሃ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በማኅበሩ ሁልጊዜ የኋላ ጠባቂ እሱ ነበር።

ጋሼ ተሻለ መሬት መሬት እያዩ ነገሩት። አብራቸው የምትጓዘው የቅድስት አባት ጋሼ ታከለ ሌሊቱን አርፈዋል። ቅድስት አልሰማችም። አገሯ ዳገቱ ላይ ነው፣ መኪና አይገባም። መንገዱ ማኅበሩ የለመደው መንገድ ስለሆነ እንደ ዘወትሩ ጉዞ አስመስለው ለቀብሩ ያደርሷታል። መርዶ ዳገት ላይ አይነገርም፤ ወገን በተሰበሰበበት፣ የሚይዝ እጅ ባለበት ነው እንጂ። እሱ ዛሬ መሀል፣ ከአጠገቧ ሆኖ ይደግፋት።

የኋላሸት ክው አለ። ጋሼ ታከለ የእናቱ ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው አንድ ነው። አባቱ የሞተ ዓመት ማሳቸውን ያረሱላቸው እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ፣ እኔን ፊቴ ያጋልጠኛል» አለ። «ሌላ ሰው ያድርጉ።»

«ካንተ የሚቀርባት የለም። መንገድ ላይ ከሰማች ገደል ነው፣ ትወድቅብናለች። አደራ።»

አደራ ከተባለ ምን ይባላል። እሺ አለ።

ደውሎ የሚነግራት እንዳይኖር የሁሉም ስልክ ይጥፋ ተባለ። የኋላሸት ቀድሞ የራሱን አጥፍቶ ለጋሼ ተሻለ ሰጠ። ሌላውም እሱን አይቶ ሰጠ።

ሱቅ ያላት ዙልፋ ዳቦ ይዛ መጣች። የኋላ ጠባቂነቱን ለዛሬ እሷ እንደወሰደችው ነገረችው። «ምነው፣ ሥልጣኔን ወረስሽኝ?» አላት። ሳቅ የምትወደው ዙልፋ አልሳቀችም። ዳቦውን እጁ ላይ አስቀምጣ፣ «ብላ፣ ዳገቱ በባዶ ሆድ አይወጣም» አለችው። እስኪጨርስ ድረስ ከፊቱ አልሄደችም።

ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ጥቂት በመኪና ሄደው ወረዱና ጸልየው ዳገቱን ጀመሩ። ጋሼ ተሻለ ከፊት፣ ዙልፋ ከኋላ፣ የኋላሸትና ቅድስት መሀል።

ቅድስት ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት አዳይ ናት። ገና ከመነሳታቸው ሻንጣውን ካልያዝኩልህ ብላ ያዘችው። እሱ ደግሞ እኔ ነኝ ያንቺን የምይዝልሽ አላት። ተጎታተቱና አሸነፈችው።

«ከባድ ነው፣ ማንጎ አለበት» አላት። «ለእማዬ ነው። ካለፍን አይቀር ጎራ ብዬ እሰጣታለሁ። ጥርስ የላትም፣ እየመጠጠች እንደ ሕፃን ልብሷን ታበላሸዋለች።»

ቅድስት ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ጠረጠረች እንዴ ብሎ ደነገጠ። ጨዋታ ልፍጠር አለና የእናቱ ዶሮ አጥር ዘላ የጋሼ ታከለን ማሽላ በልታ ሁለቱ አረጋውያን ለአንድ ሳምንት የተኳረፉትን አነሳ። ከጀመረ በኋላ ነው ምላሱን የነከሰው። ቅድስት ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«አቧራ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«አዎ፣ ዛሬ አቧራው በዝቷል» አላት።

ግራር ጥላ ሥር አረፉ። ውሃው መጀመሪያ ለሁለቱ ተሰጠ። ቅድስት አልጠጣም አለች፤ ድርሻዋን ለእሱ አቀበለችው። ትንሽ ቆይታ እናቱን መቼ እንዳያቸው ጠየቀችው።

«ለፋሲካ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው እየፈነዳ ፋታ አጣሁ። ለፍልሰታ መጥቼ ሱባኤዬን እዚያው እይዛለሁ ብያታለሁ።»

ቅድስት አንገቷን ደፋች። ሌላውም ሰው ጫማውን ያያል።

የኋላሸት በልቡ ጸለየ። ጌታ ሆይ፣ ይህን የምትችልበት ጉልበት ስጣት፣ እኔንም ድንገት እንዳልናገር አፌን ጠብቅልኝ አለ። ቀና ሲል የቅድስትም ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። የሰው ልብ ሳይነገረው ያውቃል ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ።

ተነሥተው የመጨረሻዋን ኮረብታ ወጡ። ከታች በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው መስክ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቷል። የሙሾ ድምፅ በነፋስ ይመጣል።

ይህችን ሰዓት ነበር መንገዱን ሙሉ የፈራት። ክንዷን አጥብቆ ያዘ። እሷም የእሱን አጥብቃ ያዘችው።

«አይዞሽ» አላት።

«አይዞህ» አለችው።

ጋሼ ተሻለ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዙልፋ ከኋላ ቀረበች፣ ሌሎቹም ዙሪያቸውን ከበቧቸው። የኋላሸት ስትወድቅ ልይዛት ብሎ እግሩን አጽንቶ ቆመ።

ከድንኳኑ ቀድመው የወጡት ጋሼ ታከለ ነበሩ፤ እያለቀሱ ልጃቸውን አልፈው መጥተው የኋላሸትን አንገቱን አቀፉት።