የውሃው ዘበኛ

ሚስ ወይንሸት የውሃውን ልክ ብርጭቆው ላይ በቀይ ማርከር አሰመረችና የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ፀሐይ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወስደዋለች። እዚያ ደመና ይሆናል፤ ከዚያ ዝናብ ሆኖ ይመለሳል።» ከፊት ወንበር የተቀመጠችውን ልጅ ጠራቻት። «ዘበኛዋ አንቺ ነሽ። ማንም እንዳይነካው።»

ልጅቷ በእረፍት ሰዓት እንኳ መጫወት ተወች። ሳምንቱን ሙሉ ግን ሰማዩ እንደዳመነ ሰነበተ፤ ውሃውም ከመስመሩ አልወረደም።

«ዘበኛዋ፣ ውሃሽ ሰማይ መውጣት ፈራ እንዴ?» እያለ አብሯት የሚማረው አቤኔዘር አበሸቃት።

«ሚስ ይሄዳል ብላለች፤ ይሄዳል!»

ዓርብ ሱፐርቫይዘሩ የመምህሯን ትምህርት ሊገመግሙ ሲመጡ ውሃው ግማሽ ሆኖ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰውየው ግን ብርጭቆውን አንስተው ደመናውን በመስኮት ተመለከቱ።

«በዚህ ብርድ ይህን ያህል ቀነሰ?»

ሚስ ወይንሸት ሳቀች፤ እጇን የልጅቷ ራስ ላይ አሳረፈች። «እንግዲህ ዘበኛችን ጠምቷት ይሆናላ!»

«ጠጣችው! ጠጣችው!» ብሎ ጮኸ አቤኔዘር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ልጅቷ ቀና ብላ መምህሯን አየቻት። ጠዋት ሌሎቹ ሰልፍ ላይ ሳሉ፣ ሚስ ወይንሸት የውሃውን ግማሽ የአበባው ጣሳ ውስጥ ስታፈስ በር ላይ ቆማ አይታት ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» ስትላትም «እሺ» ብላ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ጎንበስ አሉ። «እውነት ነው ሚጡ? ጠጥተሽው ነው?»

«አዎ» አለች።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ብርጭቆውን ወስዳ አጠበችው፤ በአፉ ደፍታም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።