በስድስት የተካፈለው ስበት

ተማሪ በሳይንስ ፈተና የሳተችው ነገር፣ እስክታርመው ድረስ ቤቷ ውስጥ እውነት ሆኖ እንዲሠራ ከተደነገገ ወዲህ ወይዘሮ ስንዱ እፎይ ብለው አያውቁም። ባለፈው ልጃቸው ፌቨን «ውሃ በአርባ ዲግሪ ይፈላል» ብላ ጽፋ፣ ሽሮው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲንተከተክ ከርሞ አንድም ቀን አልበሰለም።

ዛሬ የፊዚክስ ውጤት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ቁም ሳጥኑን በገመድ ጠፍረው፣ ድስቶቹን አልጋ ሥር ከተው ጠበቁ።

ፌቨን አንገቷን ደፍታ ገባች። «እማዬ፣ የመሬትን ስበት በስድስት አካፈልኩት።»

«አለቀልን!» ብለው ብድግ ቢሉ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ቀስ ብለው አረፉ። ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ዐሥር ዓመት ያሠቃያቸው ሕመም የለም። ውሃ የሞላውን ጀሪካን በሁለት ጣት አነሡት።

«ድጋሚ ፈተናው መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ክረምቱን ተረጋግተሽ አጥኚ እንጂ።» እየተንሳፈፉ ጓዳ ደርሰው ተመለሱ። «የነገውስ የምን ፈተና ነው?»

«ባዮሎጂ። ስለ ልብ።»

ወይዘሮ ስንዱ አየር ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ያዙ። «ልብ ስንት ክፍል አለው?»

ፌቨን ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ሦስት?»

«ነይ ቁጭ በይ!» አሉ በሩን እየቆለፉ። «ያንቺ ስሕተት እኮ እኔ ደረት ውስጥ ነው የሚያድረው!»