በድንጋይ ውስጥ የተገኘችው አበባ

ዕፅዋት ማበብ ካቆሙ ስምንት ዓመት ሆኗል። አበባ ከሌለ ፍሬ የለም፤ ጤፉም ስንዴውም አልቋል። ማንጠግቦሽ ዛሬም ለምሳ የያዘችው የተቀቀለ ድንች ነው። ድንች ከራሱ ከድንቹ ስለሚበቅል እሱ ተርፏል።

ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ትሰነጥቃለች። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ሲገለጥ፣ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የረገፉ ቅጠሎች ይታያሉ። ቅጠልማ ሞልቷል፤ ማን ይፈልገዋል? የዕፅዋት ባለሙያዎቹ የሚመኙት አንዲት የጥንት አበባ ነው። እሷን ካገኘን የዛሬዎቹን ዕፅዋት ማበብ መልሰን እናስተምራቸዋለን ይላሉ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ድንጋይ በመሮዋ ከፈለች። ውስጡ ጥፍር የምታክል፣ እንደ ከሰል የጠቆረች አበባ ተኝታለች።

«ጋሽ ስጦታው! አበባ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው አለቃዋ ከታች እየሮጡ መጡ። የማንጠግቦሽ የስድስት ዓመት ልጅ ዳቦ ቀምሳ አታውቅም። እናትየው ግን ድሮ የወደቀ ዳቦ አንስታ ትስም እንደነበረው፣ ሳታስበው ድንጋዩን ወደ አፏ አስጠግታ ሳመችው።

ቀና ስትል ድንጋዩ ባዶ ነው።

ጋሽ ስጦታው ድንጋዩን አዩ፤ ከዚያ ፊቷን አዩ። አበባዋ ከታችኛው ከንፈሯ ላይ ተለጥፋለች፤ ጠርዟ መርገፍ ጀምሯል።

«ልጄ፣ በማርያም እንዳትተነፍሺ!» አሏት። ከታች ወዳለው የባለሙያዎቹ ድንኳን ዞረውም «ወረንጦ አምጡ፣ ቶሎ!» ብለው ጮኹ።

ማንጠግቦሽ ትንፋሿን ያዘች። እንባዋ ግን በጉንጯ ላይ ወደ ከንፈሯ መውረድ ጀመረ።