የተወጠረ ፊት

ባንታምላክ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን ሰባ ይላል። አምና ገዳሪፍ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ሲመረጥ፣ የእርሻው ወኪል ዘኪያ የፊቱን ሽብሽብ አይቶ፣ «አባባ፣ አንተን ብቀጥር አንተን የሚሸከም ሌላ ሰው ልቀጥር ነው» ብሎ መለሰው። ዘንድሮም ከተመለሰ ሚስቱ እየሩስ ልጆቿን ይዛ ባሱንዳ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ምላለች። የእየሩስ መሐላ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ትፈጽመዋለች።

ምን ያድርግ? ገበያ ወርዶ ቅባት ሻጯን ራሒማን አማከረ። ውሃ የመሰለ ነገር በብልቃጥ አወጣችለት። ቆዳ ውስጥ አይገባም አለችው፤ ላዩ ላይ ይደርቅና እንደ ስስ ላስቲክ ሽብሽቡን ይወጥራል፤ ፖሊመር ይሉታል፤ ሲታጠቡት ይለቃል። ቁስልና ዓይን እንዳያስነካው አስጠነቀቀችው።

«ደግሞ እንዳትስቅ። ከሳቅህ ይሰነጠቅና እንደ እባብ ትገፈፋለህ።»

በዚህስ አታስቢ አላት፤ ካገባ ወዲህ ስቆ አያውቅም።

በነጋታው ሽበቱን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ፊቱን እንደ ከበሮ ወጥሮ ከሥራ ፈላጊው መሃል ቆመ። ጓደኛው አየነው ሽበቱንም ሽብሽቡንም እንደያዘ መጣና፣ ማን ሞቶብህ ነው እንዲህ የደረቅኸው አለው። ባንታምላክ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ፣ እስቲ ራቅ በልልኝ አለው። ሽምግልና በትንፋሽ ይጋባል መቼም!

ዘኪያ መጣና በጣቱ ይለይ ጀመር። አየነውንና መሰሎቹን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ባንታምላክ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ላቡ ከሻሹ ሥር ሊወርድ ደርሷል።

«አንተ ከጎረምሶቹ ጋር» አለው።

ባንታምላክ ከደስታው ብዛት ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ጨክኖ ግን አልሳቀም። ጥላው ሥር ለተኮለኮሉት አዘነላቸው። ምስኪን አየነው፣ በየትኛው ዓይኑ ሚስቱን ሊያያት ይሆን?

ሎሪው መጥቶ ኒሙ ሥር ቆመና ሽማግሌዎቹን መጫን ጀመረ። ወደየቤታቸው የሚሸኟቸው መስሎት ባንታምላክ ወደ ዘኪያ ጠጋ አለ፤ የእኛስ ሎሪ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀው።

«የእናንተማ የለም፣ የኔ ልጅ። አምና የጫንኳቸው ወጣቶች አጨዳውን መሃል ላይ ጥለው ወደ ሊቢያ ነጎዱብኝ፤ ዘንድሮ የምወስደው ሽማግሌ ብቻ ነው።»