የቀሚሷ ቀለም

ሰው አንድን ፊልም በዕድሜው አንዴ ብቻ እንዲያይ ከተደነገገ ወዲህ፣ ከትንሿ ሲኒማ ቤት የወጣ ሁሉ ያየውን በሁለት ስንኝ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ከፊልም የሚተርፈው ግጥሙ ነዋ።

ለሲኒማ ቤቱ ፊልም የምትመርጠው የሺእመቤት፣ ሟች ልጇ የምትታይበትን ብቸኛ ፊልም ድሮ አይታዋለች። አሁን የልጅቷ ቀሚስ ቀለም ጠፍቶባታል። ባሏ ደጀኔ ለሰባት ዓመት ያቆየውን አንድ የማየት ዕድሉን ዛሬ ስለ እሷ ብሎ ተጠቀመበት።

ሲወጣ መዝገቡን ዘረጋችለት።

«በል ጻፍልኝ። ቀሚሷ ምን ቀለም ነበር?»

«ገና ‹አባዬ› ስትል እንባዬ ቀደመኝ። ምንም አላየሁም፣ የሺዬ።»

«ተመልሰህ ግባ!» አለችው፣ ደንቡን የረሳች ይመስል።

ደጀኔ ብዕሩን አቀበላት።

የሺእመቤት የልጃቸውን ስም ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት መስመር ባዶ ተወች።